ርዝመት፦ ሦስት ሚሊ ሜትር ያልሞላ

ርዝመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ያልሞላ፣
ከጤፍ በጣም በልጣ፣ ከምስር በኋላ።
ጀርባዋ ጥቁር ነው፤ የተወለወለ፤
በግራና በቀኝ ቢጫ ነቁጥ አለ፤
የግራው ድቡልቡል፣ የቀኙ ዘመም ያለ።

«ተጎድታ ነው» አልኩ መጀመሪያ።
ሁለተኛዋን አየሁ። ሦስተኛዋን።
አምስቱም እንደዚያው፣ ቀኛቸው ዘሞ፦
ስህተት ዘር ይባላል ለካ ተደጋግሞ።

መሽቷል። ፔዳ ግቢ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ።
መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄዶ ቀረ።
ስልኬን በጥርሴ ይዤ ከማይክሮስኮፑ ሥር
የአንቴናዋን አንጓ እቆጥራለሁ፦ አሥር፤
ደግሜ ስቆጥር አሥራ አንድ፤
ሦስተኛ ስቆጥር እንቅልፍ።

መዝገቡ ላይ «ያገኘው ሰው» ይላል፤
ከፊቱ የኔ ስም፦ እንጉዳይ አንለይ።
ውሸት ነው።

ያገኛት ደንገል አጫጁ እንድሪስ ይመር ነው።
እንቦጩ ገና ካልዋጣት ከአንዲት ጥግ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣
ታንኳውን አዙሮ «ይቺን ነው የምትፈልጊ?» አለኝ።
አውራ ጣቱ ላይ ነበረች፤ ወደ ጥፍሩ ትወጣለች፤
ጣቱን ሲዘቀዝቀው ዞራ ወደ ላይ ትወጣለች፤
ወደ ታች የሚባል አገር ያለ አይመስላትም።

«ደንገሉን ክሽክሽ ሲወረው ትመጣለች፤
በልታ ስትጨርስ ትሄዳለች።
የእንግዳ ደጉ ይኸው ነው።»

«ማን ትሏታላችሁ?»
ሳቀ። «ስም ካወጣንላት ግብር ልትጠየቅ ነው።»
ከዚያ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ውሃ ውሃውን እያየ፣
«ለእኛም ስም ወጥቶልናል» አለ፤
«ማን እንዳወጣው እንጃ።
እኛ የሰማነው ስንጠራበት ነው።»

መግለጫው የማይቀበለው፦
ስትነካ እግሯን ሰብስባ መሞቷ፣
ዞር እስክል ጠብቃ ቀስ ብላ መንቃቷ፤
ከጉልበቷ መጋጠሚያ ያቺ ቢጫ ጠብታ፤
ጣቴን ቀመስኩት፤ ኮሶ ነው፤ አለቀቀኝም እስከ ማታ።

ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ስትሞት ግን
የእውነቷን ነበር።
ልዩነቱን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ዶክተር ስማቸው ስሟን ጨርሰዋል፤
ማይክሮስኮፑን የገዛው ድርጅት ቅር እንዳይለው ነው።
«እንድሪስን ጠይቄ ልምጣ» ብላቸው፣
«አንቺስ» አሉኝ፣ «እንጉዳይ ስትባዪ ማን ጠየቀሽ?»
አባቴ ነው ያወጣልኝ፤ ክረምት ነው የተወለድኩት።
ጠይቆኝ አያውቅም። እውነታቸውን ነው።

ሲነጋ አምስተኛዋን፣
ክሽክሽ እየለቀምኩ በሕይወት ያቆየኋትን፣
በብልቃጥ ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ።
ያቺ ጥግ ታጭዳለች።
ጉቶው ብቻ፤ ጉቶው ላይ ውሃ፤ ውሃው ላይ እንቦጭ።
ዳር ላይ እንድሪስ አዲስ ታንኳ ያስራል።
ቀና ብሎ አየኝ፤ ብልቃጡን አየ፤ የገዛ እጁን አየ።
«ምን እንብላ» አላለም። እኔም አልጠየቅሁት።

ክዳኑን ፈታሁ።
ከታንኳው አፍንጫ፣ ገና ያልገረጣ አንድ አገዳ ላይ ወጣች፤
ክንፏን ከፍታ ከደነችው፤
የውስጡ ክንፍ ጫፍ፣ እንደ ቸኮለ ሰው ሸሚዝ፣ ውጭ ቀረ።
አልበረረችም።
ከሰዓት በኋላ ታንኳው ውሃ ገባ።

መገኛ፦ ጣና፣ ደቡብ ዳርቻ፣ ደንገል ላይ። ይሰረዝ።
መገኛ፦ ታንኳ ላይ። ወደ ዘጌ ይሁን ወደ ደቅ አልታወቀም።
የናሙና ብዛት፦ አራት።
ስም፦
ይቆይ፤ ሰውየው ይመለስ።